ችግሩ ቃሉ ነው ወይስ አረፍተ ነገሩ? ሳይንስን በአማርኛ ስለማስረዳት

መነሻ ጽሑፍ

እንዴት ሰነበታችሁ የመድረኩ ሰዎች።

የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ ስለ ግብርናና ስለ ጤና በአማርኛ የሚዘጋጁ ጽሑፎችን ማረም ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ሁልጊዜ የምሰማው ወሬ አንድ ነው። ሳይንስን በአማርኛ መጻፍ ያስቸገረን ቃል ስለሌለን ነው ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ቃል በጠፋ ጊዜ ተውሰን ተግባብተናል። ዩሪያ ሲባል ግራ የሚገባው ገበሬ ጎጃም ውስጥ የለም። ቫይረስ፣ ቫይታሚን ሲባልም እንደዚያው። በ1989 ዓ.ም. የታተመ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም አለ፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ ያያል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ አረፍተ ነገሩ ነው።

ሰሞኑን ስለ አሲዳማ አፈር የተዘጋጀ በራሪ ወረቀት ደረሰኝ። ማን እንዳዘጋጀው መናገር አያስፈልግም፤ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር መስመር ከመስመር እየተቀጠለ አንቀጹን ይጨርሰዋል። ሲነሳ ስለ ምርትና ምርታማነት ያወራል። መሀል ላይ ፒኤች (የአፈሩ አሲድነት መለኪያ) ከ5.5 በታች ስለመሆኑ ይጠቅሳል። መጨረሻው ላይ ኖራን አሟጦ መጠቀም እንደሚገባ በጥናት መረጋገጡን ይነግረናል። ማን አጠናው? ኖራውን የሚበትነው ማን ነው? መቼ? ስንት? ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምን? አንዱም የለም። ለገበሬው የተሰጠው ትእዛዝ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቢነገረው ግን ራሱ ማሳው ላይ ቆሞ ሊፈትሸው የሚችል ነገር ነበር።

እንዲህ ቢጻፍስ ብዬ ሞከርኩ፦

ጎጃም ዝናቡ ብዙ ነው። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት ከአፈሩ እያጠበ ወስዷል። እነሱ ሲሄዱ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟል። የሟሟ አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ጫፉን ይጎዳዋል፤ ሥሩ አጥሮ ይወፍራል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ፎስፈረሱንም አሉሚኒየምና ብረት ይዘው ያስቀሩታል። ስለዚህ ፎስፈረስ ያለበትን ዳፕ የተባለ ማዳበሪያ ብትጨምርበትም ሰብሉ የሚያገኘው ትንሹን ነው። የተፈጨ ኖራ አሲዱን ይቀንሰዋል። ያን ጊዜ አሉሚኒየሙ ይታሰራል፣ ሥሩም ይወርዳል።

አሉሚኒየም፣ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ሁሉም የውሰት ቃላት ናቸው። አልተረጎምኳቸውም። ግን እያንዳንዱ አረፍተ ነገር ውስጥ አንድ የሚሠራ ነገር አለ። ዝናቡ ያጥባል፣ አሉሚኒየሙ ይጎዳል፣ ኖራው ይቀንሳል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከሥራችሁ፣ ከሰፈራችሁ ያያችሁትን አምጡ።

መልሶቹ

የውይይቱ ክር ረዘም ስላለ፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ እንዲመች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እንዲህ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። አንዳንዱ ላይ የራሴን ሐሳብ ጨምሬበታለሁ።

1ኛ። የመጀመሪያው መልስ ደንበጫ ኬሚስትሪ ከሚያስተምር መምህር መጣ። ወንድሜ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ በሐሳቡ ተስማማ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ሳይንስን በአማርኛ የመጻፍ ዕድል አያገኝም ይላል። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩም ተማሪውም በአማርኛ ነው የሚያስረዱት፣ ያውም አሳምረው። ያው ተማሪ አድጎ ቢሮ ሲገባና ጻፍ ሲባል በአፉ ያለውን አማርኛ ይተወውና የደብዳቤውን አማርኛ ያነሳል። ስለዚህ ችሎታው ጠፍቶ ሳይሆን የተናገሩትን መጻፍ ነውር ስለሚመስል ነው ባይ ነው። ይህ መልስ በጣም ገብቶኛል። ጽሑፍ ሳርም የማየው ይህንኑ ነው።

2ኛ። ከአዊ የጻፈ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ግን ቃሉንም አትናቁት አለን። ባንጃ ውስጥ ስብሰባ ላይ ስለ አሲዳማ አፈር ሲያስረዳ አንድ ሽማግሌ ተነስተው አሲድ የሚባለው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አይደለም ወይ ብለው ጠየቁት። ባዶ እግሩን ማሳ የሚገባ ልጅ እግሩ አይቃጠልም ወይ አሉ። ሌላ ሰው ተቀብሎ፣ ከዚያ መሬት የተገኘ ድንች መርዝ አለበት ማለት ነው ወይ አለ። ያን ቀን ስለ ኖራው ሳይወራ ስብሰባው አለቀ። ኖራ የሚለውም ያሳስታል ይላል። ሰው የሚያውቀው ቤት የሚለሰንበትን ኖራ ነው። እሱ ተቃጥሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ቆዳን ይልጣል። ለመሬት የሚሆነው ዝም ብሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ደጀን ላይ ከአባይ በረሃ አፋፍ የሚወጣው ዓይነት ድንጋይ። አሁን እሱ ሲያስረዳ ኖራ አይልም፣ የተፈጨ ድንጋይ ይላል። አሲድ ሲል ደግሞ ባትሪው አይደለም የሚለውን አስቀድሞ ነው የሚጀምረው። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። አድማጩ ምን ይዞ እንደመጣ ያላወቀ ሰው አረፍተ ነገሩን ቢያሳጥር ብቻ አይጠቅምም።

3ኛ። አንድ የግብርና ተማሪ ዝናቡ ብቻውን አይደለም ሲል ጨመረ። ሰብል በታጨደ ቁጥር ማዕድኑ ከአገዳው ጋር ከማሳው ይወጣል። አገዳው ለከብት ወይም ለማገዶ ከሄደ አይመለስም። ዩሪያና ዳፕም ለብዙ ዓመት ሲጨመሩ አፈሩን ወደ አሲድ ይገፉታል። ልክ ነው፤ አሞኒየም ያለበት ወይም የሚሰጥ ማዳበሪያ አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይፈጥራል።

4ኛና 5ኛ። እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። አንዱ ተነስቶ፣ ማዳበሪያ መሬት ያበላሻል ተብሎ ለገበሬ ይነገራል ወይ፣ ነገ ማዳበሪያውን ቢተወው ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል ብሎ ተማሪውን ወረፈው። ተማሪውም በቁጣ መለሰ። መሬቱን በየዓመቱ የሚያርሰው ገበሬው ነውና እውነቱን መስማት የሚገባው ከሁሉ ቀድሞ እሱ ነው አለ። የሁለቱም ስጋት ያለ ስጋት ነው። ነገር ግን ተማሪው የጻፈው አረፍተ ነገር ማዳበሪያው ያበላሻል ብሎ ነበር የቆመው። ማዳበሪያ የለመደ መሬት በየጊዜው ኖራ ይፈልጋል ብሎ ቢቋጨው ኖሮ ጠቡ ባልተነሳ ነበር። ኬሚስትሪው ያው ነው። ገበሬው የሚይዘው ነገር ግን ይለያያል።

6ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ነው። አጥብቆ የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው፤ ግን ራሱን የቻለ ክር ያስፈልገዋል።

9ኛ። ከቡሬ የጻፈች እህት ወደ ጉዳያችን መለሰችን። ወረቀቶቹ በሙሉ በሄክታር ነው የሚናገሩት አለች። በሄክታር የሚያርስ ማን አለ? አባቷ የሚያውቁት ቃዳ ነው። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው ብንል፣ በሄክታር 30 ኩንታል ኖራ የሚል ምክር ለአንድ ቃዳ 7 ኩንታል ተኩል ይሆናል። ይህን ሒሳብ ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ማውጣት ሲገባው ለገበሬው ይተውለታል። ቃዳው በወጣ ጊዜ ደግሞ ትክክለኛው ጥያቄ ራሱ ይመጣል ትላለች። 7 ኩንታል ተኩል ድንጋይ ከመኪና መንገዱ እስከ ማሳው በምን ይጓዛል? በአህያ ከሆነ ስንት ምልልስ ነው? አባቷ ኖራውን የተዉት ሳይንሱ አልገባ ብሏቸው አይደለም፤ ማጓጓዣው ከብዷቸው ነው። ወረቀቱ ግን ግንዛቤ መፍጠር እንደሚያስፈልግ ነበር የሚያወራው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማለት የምፈልገው አለኝ። ግንዛቤ ማስጨበጥ የሚለውን ሐረግ በየጽሑፉ አገኘዋለሁ። ይህ አባባል አንባቢውን ባዶ እጁን የቆመ ሰው ያደርገዋል። የቡሬዋን እህት መልስ ያነበበ ጸሐፊ ሐረጉን ሁለተኛ ሲጽፍ እጁ የሚያዝ ይመስለኛል።

10ኛ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ አፈር የሚያስተምሩ ሰው ገቡ። ትሕትና አልነበራቸውም፤ ነገራቸው ግን የዋዛ አልነበረም። እኔ በሞከርኩት ጽሑፍ ውስጥ የፒኤች ቁጥር አለመኖሩን አንስተው፣ ቁጥር የሌለው ሳይንስ ተረት ነው አሉ። 5.5 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ነው አሉሚኒየም በብዛት መሟሟት የሚጀምረው። ሕዝቡ አይገባውም እያልን ቁጥሩን ካወጣን ሕዝቡን ናቅን ማለት ነው አሉ።

11ኛ። የደንበጫው መምህር በአክብሮት መለሰላቸው። ጋሼ እያለ ነው የጻፈው። ቁጥሩ ይግባ፣ ግን ብቻውን አይግባ አለ። ፒኤች ሁለት ቦታ ላይ ሰውን ያሳስታል። አንደኛ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል። በሌላው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ማለት ትልቅ ቁጥር ስለሆነ አንባቢው ገልብጦ ነው የሚረዳው። ሁለተኛ፣ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዱ 10 እጥፍ ይጨምራል። 5.5 የሆነው ማሳ 4.5 ከሆነ ልዩነቱ አንድ ትመስላለች፤ አሲዱ ግን 10 እጥፍ ነው። ከ6.5 ወደ 4.5 ከወረደ 100 እጥፍ ነው። ይህ ሳይነገር 4.5 ብሎ መጻፍ ቁጥር መስጠት አይባልም አለ። ተማሪዎቹ እንኳ ቀመሩን እያወቁት ይህን ይስቱታል።

12ኛ። አንድ ሰው ከመምህሩ ለጥቆ የዩኒቨርሲቲውን ሰው ክፉኛ ተናገራቸው። የራሳቸውን መልስ ሐረግ በሐረግ እየቆጠረ፣ ከመሆኑ አንጻር፣ ከዚህም በመነሳት፣ ሊሰመርበት የሚገባው የሚሉትን አወጣ። ሕዝቡን ናቃችሁ የሚሉት ሰው ራሳቸው ሕዝቡ በማይናገረው አማርኛ ነው የጻፉት አለ። ነጥቡ ነጥብ ነበረው። አነጋገሩ ግን ለዚህ መድረክ አይመጥንም። ሰውየው የመጡት ዕውቀት ይዘው ነው፤ ያንን ይዘው እንዲሄዱ ማድረግ የለብንም።

13ኛ። እሳቸውም መለሱ። አማርኛቸው የከበደው ሆን ብለው እንዳልሆነ፣ ዘመናቸውን ሁሉ በእንግሊዝኛ አንብበው በእንግሊዝኛ እንደጻፉ፣ በአማርኛ ሲጽፉ እጃቸው የሚሄደው ወደ ሪፖርት ቋንቋ እንደሆነ ገለጹ። ቁጣቸው በረድ ብሎ ነበር። መምህሩ በ11ኛው ላይ ያለውንም ተቀበሉ።

14ኛ። ከዚያ ክሩ ወደ ጤና ዞረ። ያዞረችው ደብረ ኤልያስ አካባቢ የሠራች ነርስ ናት። ለእኔ ከመልሶቹ ሁሉ የከበደው የሷ ነው።

ስለ እግር እብጠቱ ነው የጻፈችው። በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው። ደጋ ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመጣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሄደ ሰውን የሚይዝ በሽታ ነው። በዓይን የማይታዩ የአፈሩ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ይገባሉ። ውስጥ ያሉትን፣ ሊምፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚመልሱትን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ በጊዜ ብዛትም ያጠብቧቸዋል፤ ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግሩ ያብጣል። ትል የለበትም፣ ትንኝም አያመጣውም። በትንኝ የሚመጣው ሌላው ዝሆኔ የቆላ በሽታ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ራሱ ሰውን ያምታታል ትላለች። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ያደረገ፣ እግሩን በሳሙና አዘውትሮ የታጠበ ሰው ከበሽታው ይጠበቃል። የጀመረውም ቢሆን እግሩን በየቀኑ ቢያጥብ፣ ቢያደርቅ፣ ቅባት ቢቀባ፣ በፋሻ ቢያስር እብጠቱ ይቀንስለታል።

ታዲያ በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄድ ሁሉ አይታመምም። አንዳንድ ቤተሰብ የበለጠ ተጋላጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናትም ተጋላጭነቱ ከዘረ መል ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ችግሩ የመጣው ይህ ወደ አማርኛ ሲገባ ነው። ነርሷ ባየችው ወረቀት ላይ በሽታው በዘር ይተላለፋል ተብሎ ነው የተጻፈው። ያ ሦስት ቃል አንድ ቤት ውስጥ ገባ። እናቷ እግራቸው ያበጠ አንዲት ልጅ ታጭታ ነበር። የወንዱ ቤተሰብ ወረቀቱን አስነብቦ ዘሩ አለበት ብሎ እጮኝነቱን አፈረሰ። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጫማ አድርጋ ነው ያደገችው። በሽታው እሷን የሚይዝበት መንገድ አልነበረውም። ነርሷ ሄዳ ብታስረዳም ወረቀቱ የጤና ወረቀት ነው አሏት።

15ኛ። ይህን መልስ የጻፈው አማርኛ የሚያስተምር ሰው ነው። ስለ ነርሷ ወረቀት ካሰበ በኋላ ያመጣው ነገር በማርምበት ጊዜ ሁሉ አጠገቤ የማስቀምጠው ሆኗል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም አረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው ይላል። አንባቢ ደግሞ ይዞ የሚሄደው ማሰሪያውን ነው። ከዚያም እውነታውን ሳይነካ ሁለት አረፍተ ነገር አበጀ። በአንዱ፣ ጫማ ማድረግ ቢከላከለውም ተጋላጭነቱ በዘር ይወረሳል ይላል። በሌላው፣ ተጋላጭነቱ በዘር ቢወረስም ጫማ ያደረገ ሰው አይታመምም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንደኛውን ያነበበ ሰው እጮኛ ያፈርሳል። ሁለተኛውን ያነበበ ጫማ ይገዛል።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እየተከተለ የሚጽፍ ሰው ይህን አያየውም። እዚያ ዋናው ነገር መጀመሪያ ላይ ይቀመጥና ማስጠንቀቂያው ይከተላል። እኛ ዘንድ ያው ቅደም ተከተል ሲመጣ ማስጠንቀቂያው ዋናውን ነገር ይውጠዋል። ቃል በቃል ታማኝ የሆነ ትርጉም በመልእክቱ ሊከዳን ይችላል። ይህ ከቃል እጥረት ጋር ምንም አያገናኘውም።

16ኛ። እዚህ ላይ አንድ የቅኔ ሰው ገብቶ ጎጃም የጎንጅ፣ የዋሸራ፣ የዲማ ቅኔ ቤቶች አገር መሆኑን አስታወሰን። ባንድ ቃል ሁለት ነገር መናገር የሚችል ሕዝብ ሳይንስን በቋንቋው መግለጽ ያቅተዋል ወይ አለ። ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው።

17ኛ። ነርሷ ተመልሳ በአጭሩ መለሰችለት። ቅኔው ይከበር፣ የጤና ወረቀት ላይ ግን ሰምና ወርቅ አይግባ አለች። ሕመምተኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ቤቱ ቢገባ የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው። ከሷ ጋር ነኝ። ከቅኔ ቤት የምንወስደው ካለ የቃልን ቦታ አስልቶ ማስቀመጡን ነው፤ 15ኛው ላይ ያየነው እሱን ነው።

18ኛ። ስለ እርግጠኝነት ደግሞ አንድ የሬዲዮ ሰው ጻፈ። ተመራማሪ ሲናገር ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ደረጃ ያበጅለታል። ይህ ሁሉ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ሊሆን ይችላል ወደሚለው አንድ ቃል ይጠቀለላል። አድማጩ ሊሆን ይችላል ሲባል የሚሰማው አያውቁትም ማለት ነው። ወይም ደግሞ ጸሐፊው ፈርቶ በጥናት ተረጋግጧል ይላል፤ ነገ ሌላ ጥናት ሲመጣ ትናንት ዋሻችሁን እንባላለን። አማርኛ ግን በዚህ ድሃ አይደለም ይላል። ሳይሆን አይቀርም አለን፣ ይመስላል አለን፣ ይሆናል አለን፣ ነው አሉ አለን። ገበያ ላይ ስለ በሬ ዋጋ ስናወራ እነዚህን አንሳሳትባቸውም። ማንም ሰው ሳይሆን አይቀርም እና ሊሆን ይችላል እኩል ናቸው አይልም። ሳይንስ ስንጽፍ ነው የምንረሳቸው። እኔ የምጨምረው፣ የእርግጠኝነቱን ምክንያትም አብሮ መናገር ነው። ኖራው ለጥቂት ዓመታት ይሠራል ብሎ ከማቆም፣ ድንጋዩ በደንብ ካልደቀቀ ሥራው እንደሚዘገይ፣ ዝናቡና ማዳበሪያው ደግሞ መልሰው ወደ አሲድ እንደሚገፉት ቢነገር፣ ገበሬው የራሱን ማሳ አይቶ ይገምታል።

19ኛ። አንድ የመድኃኒት ባለሙያ በየ8 ሰዓቱ የሚል ወረቀት እንደማይሠራ ጽፎ፣ እሱ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ብሎ በእኛ አቆጣጠር እንደሚጽፍ ነገረን። ዕድሜ ይስጠው።

20ኛ። ከሰከላ አንድ አባት በልጃቸው እጅ አጻፉ። ልጃቸው ክሩን ከላይ እስከታች አንብቦላቸው ነበር። አፈር እንዴት ይታከማል ለሚለው ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልግ ነው የተናገሩት። የጓሮ መሬት ለምን ከሩቁ ማሳ ይሻላል? ፍጉ አለ፣ የምድጃው አመድም አለ። እናታቸው ጎመኑ ሥር አመድ ይደፉ ነበር። ይህ ኖራ የምትሉት ከአመዱ ጋር ዘመድ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

21ኛ። የመለሱላቸው የዩኒቨርሲቲው ሰው ናቸው። አባቴ ብለው ነው የጀመሩት። አዎ ዘመድ ነው አሉ። የእንጨት አመድ ውስጥ ካልሲየምና ፖታሲየም አለ፤ አሲድን ይቀንሳል፣ ኖራውም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ነው። ለጓሮ የሚበቃ አመድ ለአንድ ቃዳ አይበቃም። ለአንድ ቃዳ ኩንታል ነው የሚፈልገው፤ ኩንታል አመድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ድንጋዩ ይፈጫል። ከዘሩ ቀደም ብሎ ይበተናል፣ ከአፈሩ ጋር በደንብ ይታረሳል፤ እላይ ላይ ከተተወ ሥሩ ዘንድ አይደርስም። 10ኛውን መልስ የጻፉት ሰው ይህን ሲጽፉ አንድም «ከመሆኑ አንጻር» የሚል አልነበረበትም። አድራሻ ስለነበራቸው ይመስለኛል። ሕዝብ ለሚባል ነገር ሳይሆን ለአንድ አባት ነው የጻፉት።

22ኛ። አንድ ሰው በዚህ መሀል ስለ ቁንጮ ጤፍ አነሳ። ዝርያው በ1998 ዓ.ም. ሲወጣ ይፋዊ መጠሪያው በፊደልና በቁጥር የተሠራ ነበር፣ 387 የሚል ቁጥር ያለበት። ገበሬው ዘንድ የገባው ግን ቁንጮ ተብሎ ነው። እውነት ነው፤ ግን የገባው ስሙ ስላማረ ብቻ አይመስለኝም። ጎረቤቱ ማሳ ላይ ቆሞ ስላየው ነው።

23ኛና 24ኛ። 12ኛውን መልስ የጻፈው ሰው ይቅርታ ጠየቀ፤ እሳቸውም ተቀበሉት።

25ኛ። የአዊው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሁላችንም ያልነካነውን አነሳ። ስለ ኖራ በጻፍን ቁጥር ሌላ አማራጭ እንደሌለ እናስመስላለን አለ። ፋግታ ለኮማ ላይ ብዙ ገበሬ ለሰብል እንቢ ያለውን መሬት ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎበት ከሰል አውጥቷል። ዛፉ አሲዱን ይችለዋል። ይህን ውሳኔ ገበሬው ያደረገው ማንም ወረቀት ሳይሰጠው አስልቶ ነው። የሚጻፍለትም እንደሚያሰላ ሰው መሆን አለበት፤ ኖራው ይህን ያህል ያወጣል፣ ይህን ያህል ዓመት ይሠራል፣ ከዛፉ ጋር አስተያየው ተብሎ። የጮቄ ደጋ ላይ ገብሱ ያነሰበት ሰውም እንደዚሁ ባሕር ዛፍ ለመትከል ወይም ድንች ለመሞከር አስልቷል። ይህ መልስ ለጽሑፌ ትልቅ ነገር ጨምሮለታል፤ አማራጩን እንዲህ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ክፍል እየጻፍኩ ነው።

26ኛ። የቡሬዋ እህት አባቷ አንድ ነገር ጠይቂልኝ እንዳሏት ጻፈች። ማሳዬ አሲዳማ መሆኑን በምን አውቃለሁ ነው ያሉት። ማዳበሪያ ጨምረው ገብሱ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ ቀርቶባቸዋል። ግን ምክንያቱ አሲድ ይሁን ሌላ አያውቁም።

27ኛ። የዩኒቨርሲቲው ሰው በዓይን ብቻ እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል፣ አፈሩ መመርመር እንዳለበት መለሱ። አወሳሰዱንም አስተማሩ። ማሳውን በዚግዛግ እየሄዱ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቆፍሮ ትንሽ ትንሽ አፈር መውሰድ። ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥር፣ ከኩይሳ፣ ከማሳው ጠርዝ አለመውሰድ። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ደባልቆ ከእሱ አንድ ኪሎ ያህል ማስቀረት፣ ጥላ ሥር ማድረቅ። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አለመክተት፤ የቀረው ዱቄት ውጤቱን ያበላሻል። የሚቀይና የሚጠቁር ክፍል ካለው ማሳው ለሁለት ተከፍሎ ለየብቻ ይወሰድ። ከዚያ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወደ ምርመራው ይልከዋል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከሥሩ ገብቶ አፈሩ የተያዘበት ላስቲክ ላይ የማሳው ስምና የተወሰደበት ቀን ወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ ይታሰር፣ በእስክሪብቶ ከተጻፈ እርጥበት ያጠፋዋል አለ። እህትም አባቷ ለቅዳሜ ባልዲ ማዘጋጀታቸውን ጻፈች።

እስካሁን ያልተስማማነው ፒኤቹ ላይ ነው። መምህሩ የ10 እጥፉ ነገር ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ ይላል። ነርሷ ቁጥሩ ለሠራተኛው ቅጂ ብቻ ይሁን ትላለች። የዩኒቨርሲቲው ሰው ለሁሉም ይግባ እንዳሉ ናቸው። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የሚኖረው ቁጥር ስለሆነ፣ አባትየው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። ስለ እሱ የምትሉት ያላችሁ እዚሁ ጻፉ፤ ክሩን አልዘጋሁትም።